እትዬ አፍንጫና አረፋ የለበሰው ኩሬ

እንደ ሰፈሩ ወሬ ከሆነ፣ የማዘጋጃ ቤቷ የቦይ ተቆጣጣሪ የጉድጓድ ክዳን ገለጥ አድርጋ አንዴ አየር ከሳበች፣ ከላይ ባለው ሕንፃ ውስጥ ማን ምን እንዳጠበ፣ በምን ሳሙና እንዳጠበ፣ ሲያጥብም ከሚስቱ ጋር ተኮራርፎ እንደነበር ሳይቀር ትናገራለች። አንድ ቀን ከመንገድ ማዶ ቆማ፣ ያውም ጉንፋን ይዟት፣ ያውም ነፋሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ እየነፈሰ፣ ከሦስተኛ ፎቅ የተደፋ ያደረ ሾርባ ጨው እንደበዛበት ለይታለች ይባላል። ባለሾርባዋ በማግስቱ ጨው ቀነሱ ይባላል። የሰፈሩ ውሾችም እሷ ስታልፍ በሙያ ቅናት ጭራቸውን ይሸጉጣሉ ይባላል። ከዚህ ሁሉ "ይባላል" የተነሣ እናቷ ያወጣችላት ስም ተረስቶ፣ ከጫማ ጠራጊው እስከ ጥርስ ሐኪሙ ሁሉም "እትዬ አፍንጫ" ይላታል።

ወሬ ሲጣፍጥ የሚያላምጠው እንጂ የሚመረምረው አይገኝም። ቢሆንም አንዳንድ ነገር ያጠራጥራል። እንዲህ ያለ አፍንጫ የታደለች ሴት ቤቷ ውስጥ ድንች አሳርራ፣ ጎረቤት ጭሱን አይቶ በሩን ሊሰብር ሲደርስ፣ እሷ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ በሰላም ካልሲ ስትጠቅም እንዴት ትገኛለች? ወተት መበላሸቱን ለማወቅስ ለምንድን ነው ልብስ ሰፊ ባሏን ከስፌት መኪናው አስነስታ "እስቲ ና አሽትልኝ" የምትለው? ባልየው ደግሞ ወተቱን አሽትቶ ፊቱን ሲያጨፈግግ "ተመስገን፣ የሚያሸት አፍንጫ ያለኝ እኔ ሆኜ ስሙን የወሰድሽው አንቺ!" ይላታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ልጅ ሳለች የያዛት ትኩሳት ሲለቃት ማሽተቷን ይዞባት ሄደ፤ እስከ ዛሬም አልመለሰም። ይህን የሚያውቁት ባሏ፣ የመሥሪያ ቤቷ አለቃና አብሯት የሚዞረው ሹፌር ብቻ ናቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ወሬው እሷ ዘንድ የደረሰው ጎርምሶ፣ ጢም አብቅሎ ነው። ያን ጊዜ ማስተባበል ደግሞ ጎርፍን በመጥረጊያ እንደ መመለስ ሆነባት። ትንሽም ደስ ሳይላት አልቀረም። የማይሠራ ዕቃው ሲወደስለት ደስ የማይለው ማን አለ?

ወሬውን የወለደው የቅጥር ፈተናው ነው። ፈታኞቹ አመልካቾቹን አንድ ክፉ ጉድጓድ ዳር ሰብስበው ክዳኑን አስነሱ። የመጀመሪያው አመልካች አፍንጫውን ይዞ ሸሸ፤ ሁለተኛው የሸሸውን ቀድሞት ሄደ፤ ሦስተኛው እስከ ዛሬ እየሮጠ ነው የሚሉም አሉ። ፈታኞቹ ራሳቸው በመሐረብ ተሸፋፍነው እንደ ሽፍታ ቆመው ሳለ፣ እሷ ብቻ ተንበርክካ በባትሪ ውስጡን ታያለች።

"ይሄ ውሃ ለምንድን ነው የሚጨሰው?" አለች።

ውሃ በጠዋት ብርድ የሚጨሰው ሲሞቅ ነው። የዝናብ ውሃ ደግሞ ራሱን አፍልቶ አይመጣም። ቦዩን ወደ ላይ ሲከተሉት አንድ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ደረሱ። ፈታኞቹም በአንድ ድምፅ "ምን ዓይነት አፍንጫ ነው!" አሉ። ዓይን ሠርቶ አፍንጫ ተሸለመ። ከዚያ ወዲያ ፍርግርግ ላይ ፀጉር ተጠምጥሞ አይታ የፀጉር ቆራጩን ድብቅ ቧንቧ ስታገኝ "ሽቶው ሸቷት ነው" ተባለ፤ ደረቅ መሆን ያለበት ቱቦ ውስጥ አረንጓዴ አልጌ በቅሎ አይታ የሚያንጠባጥብ ቤት ስታገኝም ያው አፍንጫዋ ተመሰገነ።

ሥራዋ ሲነገር ቀላል ነው። ከመታጠቢያና ከመጸዳጃ የሚወጣው ውሃ በራሱ ቧንቧ ወደ ማጣሪያ ይሄዳል። በየመንገዱ ዳር ባለው ፍርግርግ የሚገባው ግን ማጣሪያ የሚባል ነገር ሳያይ፣ በቦዩ አድርጎ መናፈሻው ውስጥ ካለው ኩሬ ይወርዳል። እዚያ ዳክዬዎች ይኖራሉ፤ ዓሣ ይኖራል፤ እሑድ እሑድ ልጆች እግራቸውን ይነክራሉ። ስለዚህ ያ ቦይ ከሰማይ የመጣ ውሃ ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ቦዩ ውስጥ ውሃ ከተገኘ፣ ያ ውሃ ሌባ ነው፤ የእሷም ሥራ የሌባውን ቤት ማግኘት ነው።

የዘንድሮው ጉድ የጀመረው ደመና የሚባል ነገር በተረሳበት በጋ ነው። የመናፈሻው ኩሬ አንድ ጠዋት አረፋ ለብሶ ተገኘ። አረፋ ሲባል ቢራ አናት ላይ እንዳለው እንዳይመስላችሁ፤ ዳክዬዎቹ ነጭ ባርኔጣ፣ ነጭ ካፖርት፣ አንዳንዶቹም ነጭ ጺም አድርገው እንደ ሸንጎ ሽማግሌ ተከታትለው ይዋኛሉ። የመጀመሪያውን ጩኸት ያሰማው ባለካፌው ነው። የሱ ካፌ የሰፈሩ ወሬ የሚፈለፈልበት ቤት ነው፤ አንድ ወሬ ጠዋት በሻይ ይገባል፣ ለምሳ ላባ ያበቅላል፣ ለአሥር ሰዓቱ ኬክ በርሮ ይወጣል። "ዳክዬ አልቅሶ መናገር ቢችል ምን ይል ነበር?" እያለ እንግዶቹን እንባ አራጨ።

እትዬ አፍንጫ በዚያው ዕለት ከኩሬው ተነሥታ ቦዩን ወደ ላይ ተከትላ መንገዱን ስትወጣ፣ ሰዉ ከየደጃፉ ቆሞ አፍንጫዋን ያያል። ከሰፈሩ ልብስ ማጠቢያ፣ ከላውንደሪው በር ደረሰች። እዚያ ላይ የከሰዓት ፀሐይ ከመስኮቱ መስታወት ተንጸባርቃ ዓይኗ ውስጥ ገባች።

"እ... እ... እጢሽ!"

አለቀ። ያቺ ማስነጠስ ካፌው ስትደርስ ፍርድ ሆና ነበር። "በሩ ላይ እኮ ነው ያስነጠሰችው! ሳሙናው ቢሸታት አይደል?" "ታዲያስ! ከላውንደሪ ሌላ አረፋ ከየት ይመጣል?" ማስነጠስ ሌላ፣ ማሽተት ሌላ መሆኑን የሚያስታውስ አንድ ሰው ጠፋ።

ባለላውንደሪው ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሸሚዝ ሲተኩስ ለሸሚዙ የሚያንጎራጉር ሽማግሌ ነው። ሚስቱ ካለፈች ወዲህ ያሉት ሁለት ማሽኖቹና የሰፈሩ አንገትጌ ናቸው። ሳምንት ሳይሞላ ቦይ ተቆጣጣሪዋ ቤት መጣ። ወንበር ስትስብለት አልተቀመጠም።

"እህቴ፣ ምን አደረግኩሽ?"

"ምን አደረጉኝ ጋሼ?"

"አስነጠስሽብኝ እኮ!"

"ኧረ ፀሐይ ናት! ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው!"

"እሱን ለሸሚዞቹ ንገሪልኝ። ልብሱን ያላነሣ የለም። ጥርስ ሐኪሙ ነጭ ጋዋኑን ሳይደርቅ ነው እያንጠባጠበ ለብሶት የሄደው። አንዱማ ማሽኑ እየዞረ ሳለ 'አቁምልኝ' ብሎ፣ ሱሪውን ከነሳሙናው ታቅፎት ወጣ። ወር እንዲህ ከቆየ እዘጋዋለሁ። ከዚያስ ምን እሆናለሁ? ለማን ነው የማንጎራጉረው?"

ባሏ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ "አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባል ነበር፤ እዚህ ቤት ግን አፍንጫ ሲያስነጥስ ጎረቤት ያለቅሳል" አለ። እትዬ አፍንጫ በዓይኗ ገረፈችው። አልሳቀችም።

በማግስቱ አለቃዋ ቢሮ ገባች። አለቃዋ ጠረጴዛው ላይ የቦይ ክዳን እንደ ወረቀት መጫኛ የሚጠቀም፣ ሆደ ሰፊና ሆዱም ሰፊ ሰው ነው።

"ልናገር ነው" አለችው። "አይሸተኝም ብዬ ልናገርና ሰውየው ይዳን።"

"እንዴት ተደርጎ!" አለና ከወንበሩ ብድግ አለ። "ጋራዦቹ የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ መድፋት ያቆሙት ደንቡን አንብበው ይመስልሻል? አንቺን ፈርተው ነው እኮ! ማታ ማታ በርሜላቸውን ከነክዳኑ አቅፈው ነው የሚተኙት። ያ አፍንጫ ደሞዝ አይወስድ፣ ዕረፍት አይጠይቅ፣ ከክፍላችን ሁሉ ጎበዝ ሠራተኛ እሱ ነው። ብትናገሪ ኩሬው በዘይት ይጠበሳል።"

"ሰውየውስ?"

"ሥሪ! ትክክለኛውን አጥፊ አግኚ። አጥፊው ሲገኝ ንጹሑ በራሱ ይታጠባል።"

ይህ ምክር አማራት። አፍንጫዋም ይከበራል፣ ዘይቱም አይደፋም፣ ሰውየውም ይድናል። ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

ሹፌሩን ጠራች። ሹፌሩ "ቀስ በቀስ" ይባላል፤ መኪና ሲነዳ ኤሊ ቀድማው ሄዳ ምን ሆኖ ቀረ ብላ ትመለሳለች። መጀመሪያ የሄዱት ላውንደሪው ነው። ሰው ሁሉ እያየ፣ ማሽኑ ውስጥ ቀይ ማቅለሚያ ጨመረች። ማንንም የማይጎዳ፣ ውሃ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ የሚያሳብቅ ማቅለሚያ ነው። ማሽኑ አጥቦ ሲጨርስ ሁለት ክዳን አስከፈተች፤ የፍሳሹ መስመር ቀይ ወጥ መሰለ፣ የዝናቡ ቦይ ግን ጠብታ ቀይ አላየም።

"አያችሁ? የጋሼ ውሃ ወደ ማጣሪያ ነው የሚሄደው። ንጹሕ ነው!"

ባለካፌው ራሱን ነቀነቀ። "እትዬ፣ ማቅለሚያ እኮ ዕቃ ነው፣ ይሳሳታል። አፍንጫዎ ግን ተሳስቶ አያውቅም።"

ሰዉም "እውነት ነው!" አለ። ከድጡ ወደ ማጡ።

እንግዲያው ሌባውን መያዝ ቀረ። በየጉድጓዱ ትንንሽ የአሸዋ ጆንያ እንደ ግድብ እያስቀመጡ ወደ ላይ ወጡ። ክዳን በከፈቱ ቁጥር መጀመሪያ የመርዛም ጋዝ መለኪያውን በገመድ ወደ ውስጥ ትለቀዋለች፤ መለኪያው ዝም ካለ ብቻ ትቀርባለች። በማግስቱ እየዞሩ አዩ። ከጆንያው በስተጀርባ ደረቅ ከሆነ ያ መስመር ንጹሕ ነው፤ ውሃ ካቆረ ሌባው ከዚያ በላይ አለ ማለት ነው። ደረቅ፣ ደረቅ፣ ደረቅ፣ ከዚያ አንዱ ጆንያ ላይ አረፋ ቂብ ብሎ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ወደዚህ ጉድጓድ የምትገባው የጎን ቧንቧ አንድ ብቻ ናት፤ የምትመጣውም ከካፌው ሕንፃ ጣሪያ ነው።

"የጣሪያ ውሃ መውረጃ?" አለ ቀስ በቀስ፣ ሰማዩን ቀና ብሎ እያየ። "እትዬ፣ ዝናብ እኮ ከጣለ ወዲህ ልጄ ጥርስ አውጥታለች።"

እትዬ አፍንጫ ወደ ካፌው ጎን ግድግዳ ሄዳ፣ ከጣሪያ የሚወርደው ቧንቧ ላይ እጇን አሳረፈች። ከፍ ብሎ ያለው ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ወገቡ ላይ ሲደርስ ይሞቃል፤ እንደ ሻይ ብርጭቆ ይሞቃል። ጆሮዋን ስትለጥፍበት ውስጡ ይጉመጠመጣል።

ካፌው ውስጥ ገባች። ባለካፌው ከባንኮኒው ኋላ አዲስ የተገዛ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን አጠገብ እንደ አባት ቆሟል።

"ምን የመሰለ ማሽን ነው ወንድሜ! ማን ተከለልህ?"

"ቧንቧ ሠራተኛው ነው እንጂ እትዬ! ጎበዝ ነው። ወለሉን ቆፍሮ ከታች ካለው መስመር ሊያገናኘው ነበር፤ ደንበኛ ይረበሻል ስለው ግድግዳውን በስቶ ከውጭው ቧንቧ ጋር አጋባልኝ። ቧንቧ ያው ቧንቧ ነው አለኝ።"

"ሳሙናውስ?"

"የማሽኑ ሳሙና ውድ ነው። የእጅ መታጠቢያውን ፈሳሽ ሞላ አድርጌ እጨምርበታለሁ። አረፋው ሲያምር!"

እትዬ አፍንጫ ሳቋን ዋጠች። "በል አንድ ዙር አጥብልኝ" አለችና አረንጓዴ ማቅለሚያ ጨመረችበት። ከዚያ "ኩሬው ዘንድ እንገናኝ" ብላ ወጣች።

ወሬው በመንገዱ እሷን ቀድሞ ወረደ። ኩሬው ዳር ስትደርስ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ጠበቃት፤ አለቃዋም ሆዱን ከፊት አስቀድሞ ቆሟል። ባለላውንደሪው ያልተወሰደ ካፖርት በክንዱ አንጠልጥሎ ከሁሉም ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ቆሟል። የቦዩ አፍ መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ አንዴ አገሳ። ከዚያ አረንጓዴ አረፋ እንደ ደመና ተግተልትሎ ወጣ፤ ነጭ ባርኔጣ የነበራቸው ዳክዬዎች በአንድ አፍታ የደን ጠባቂ መሰሉ።

ባለካፌው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "የኔ ነው! የኔ ማሽን ነው! እኔ ነኝ ለካ!" ክፉ ሰው አይደለም፤ በቀላው ፊቱ ላይ እውነተኛ ሐፍረት ነበር። "ዛሬውኑ አስነቅለዋለሁ፣ ወለሉንም አስቆፍራለሁ።"

ጭብጨባ ሆነ። "አይ አፍንጫ!" ተባለ። "በግድግዳ አልፎ ሸተታት!" "ዕቃ ማጠቢያውን ከነሳሙናው ለየችው!" አለቃው በደስታ እጁን ያፋትጋል። እትዬ አፍንጫም ዞር ብላ ባለላውንደሪውን ልታየው ስትል፣ ጥርስ ሐኪሙ ነገሩን አከፋው።

"ግን እኮ" አለ፣ "ካፌው በር ላይ አላስነጠሰችም።"

ሕዝቡ ማሰብ ጀመረ። ሕዝብ ባንድ ላይ ሲያስብ ደግሞ ያስፈራል።

"ልክ ነው። ላውንደሪው በር ላይ ነው ያስነጠሰችው።"

"አፍንጫዋ ደግሞ አይሳሳትም።"

"ስለዚህ ሁለቱም ናቸው!"

"የላውንደሪው እንዲያውም ሳይብስ አይቀርም፤ ካፌው እጢሽ እንኳ አላሰኛትም።"

ባለላውንደሪው ካፖርቱን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ። ዞሮ ለመሄድ አንድ እግሩን አነሣ።

እትዬ አፍንጫ አለቃዋን አየችው። አለቃዋ "ተይ" በሚል ዓይን ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። በርሜሎቹ ታዩዋት፤ ዘይቱ ታያት። ሽማግሌው ደግሞ ጀርባው ታያት።

"ይውጣልኝ!" አለችና መናፈሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣች። "ጋሼ፣ ይቁሙ! ሰዎች፣ ስሙኝ። እኔ አይሸተኝም።"

ሳቅ ሆነ። "እትዬ ይቀልዳሉ!" አለ ባለካፌው፣ በዚያ ሁሉ ሐፍረቱ መካከል።

"አልቀልድም። ቀስ በቀስ፣ ና እስቲ ወዲህ። ቦቲህን አውልቅ።"

ቀስ በቀስ ሳምንቱን ሙሉ በላስቲክ ቦቲ ጉድጓድ ለጉድጓድ ሲዞር ነው የከረመው። "እትዬ፣ ሕዝብ መሀል?" ብሎ ተለማመጣት። ኋላ ግን ተቀምጦ፣ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ፣ ቦቲውን አወለቀ፤ ካልሲውንም አወለቀ። የፊተኛው ረድፍ የኋለኛው ረድፍ ሆነ። ጥርስ ሐኪሙ ኪሱ ውስጥ ጭምብል ፈለገ። ዳክዬዎቹ ከነአረንጓዴያቸው ብድግ ብለው ወደ ማዶው ዳርቻ በረሩ፤ ቆይተውም አልተመለሱም የሚል ምስክር አለ።

እትዬ አፍንጫ ካልሲውን ተቀብላ አፍንጫዋ ሥር አድርጋ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ዓይኗ እንኳ አልተርገበገበም።

"ተረከዙ ተቀዷል" አለች። "ላክልኝ፣ እጠቅምልሃለሁ።"

ከሕዝቡ መሀል "ወይ ጉድ!" የሚል ረጅም ድምፅ ወጣ። አንድ ወጣት ጋራዥ ሠራተኛ ለጓደኛው አንድ ነገር አንሾካሾከለት። እሷም ያን አየችው።

"አንተ ባለጋራዡ! ዘይት ተንሳፍፎ ሲሄድ እንደ ቀስተ ደመና ያበራል፤ ዓይን ደግሞ አለኝ። ቧንቧ ሲሞቅ እጄ ያውቃል። አሸዋ ጆንያም ሞልቶኛል። ብትደፋ እመጣብሃለሁ።" ልጁ ወዲያው የደፋ ይመስል ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። አለቃውም ሳይወድ በግዱ ሳቀ፤ ሆዱም አብሮት ሳቀ።

ጥርስ ሐኪሙ በሰው መሀል እየተሽሎከለከ ባለላውንደሪው ዘንድ ሄደ። የለበሰውን ነጭ ጋዋን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ሰጠው። "አንገትጌው ጠንከር እንዲል ስታርች ይጨመርበት ጋሼ" አለው። ሽማግሌው ጋዋኑን ከካፖርቱ ጋር ደርቦ ታቀፈው፤ ከንፈሩም የሚያንጎራጉር ሰው ከንፈር መሰለ።

ባለካፌው ግን ወሬ ሲሞትበት ዘመድ እንደሞተበት ነው። ወደ ወንበሩ ተጠግቶ፣ የመጨረሻ ተስፋውን ይዞ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እሺ እትዬ፣ ማስነጠሱ ይቅር። ፀጉር ቆራጩም ይቅር። ያ ሾርባ ግን... ከሦስተኛ ፎቅ የተደፋው... ጨው የበዛበትስ?"

"ሾርባ የሚባል አልሸተተኝም" አለች እትዬ አፍንጫ ከወንበሩ እየወረደች። "ፎቁንም አላውቀው፣ ባለሾርባዋንም አላውቃቸው፣ ጨውም ቢሆን አይሸትም። ውሾቹም የሚሸሹት ቀስ በቀስን ነው። ከዚያ ሁሉ ወሬ አንዲት እውነት የለችበትም፤ አሽትቼ ያገኘሁት አንድ ጠብታ ውሃ በዚህ ከተማ የለም።"